የሰኔ ሠላሳ ዕዳ

ሰኔ ሠላሳን ሳይደነግጥ የሚያስታውስ የእኔ ዘመን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ቀኑ ሁለት ፍርድ የሚሰጥበት ነበር። አንደኛው በመምህራችን እጅ ያለው ካርድ ነው፤ «ተዛውሯል» ወይም «አልተዛወረም» የምትል አንዲት ቃል የቤቱን የክረምት ሰላም ትወስናለች። ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ የሚጠብቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቂም ሁሉ «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ!» በሚል ዛቻ ተቀጥሮ ይቆያል። ከዚያች ቀን በኋላ ርእሰ መምህሩ አይቀጣ፣ ወላጅ አይጠራ… ስለዚህ ፈሪው ካርዱን በጉያው ሸጉጦ በኋላ በር ይሾልካል፤ ደፋሩ ደብተሩን ለጓደኛው አስይዞ እጅጌውን ይሰበስባል። እኔ ከሾላኪዎቹ ወገን ነበርኩ። አሁን ብናገር የሚያሳፍረኝ አይደለም።

አድጌ ባንክ ቤት ስቀጠር ያ ወር ሌላ መልክ ይዞ ጠበቀኝ። ሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ነው። የባንኮች ዓመት በፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ደግሞ ሳምንት ቆይቶ በራሳችን ሰኔ 30 ያበቃል። ማን ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ ማን ላይ ምን ያህል ቀረ… እያልን እናመሻለን። በልጅነቴ ሰኔ ሠላሳ የቂም ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ነበር፤ አሁን ደግሞ የገንዘብ ዕዳ የሚቆጠርበት ወር ሆነ። ዘንድሮ ግን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ካርዷን ይዛ መጥታ ከሁለቱም የማይመደብ ዕዳ ጠየቀችኝ። እስካሁን አልከፈልኳትም። ይህን ጽሑፍ የሚያስጽፈኝም እሱ ነው።

አስቀድሜ ግን የእኛን ክረምት ላንሣ።

ከሰኔ 30 ማግሥት ጀምሮ ያለው ጊዜ የእኛ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ፣ ከዚያም አምስት ቀን ጳጉሜን። ማለዳ የሚቀሰቅስ የለ፣ የቤት ሥራ የለ። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ስለ ዝናቡ ነው፤ ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይጨቀያል፣ በገጠር የልጅ እጅ ለእርሻው ይፈለጋል። ለከተማ ልጅ ግን ክረምት ማለት በመስኮት ማየት ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ሲንኳኳ ጨዋታችንን አቋርጠን ወደ ቤት እንሮጣለን፤ እናቴ ከሰሉን አያይዛ በቆሎ ትጠብሳለች፤ እኛ ከመስኮቱ ሥር ተደርድረን በጓሮው የሚወርደውን ውሃ እንከተላለን። ሲያባራ ደግሞ ከደብተር ቅዳጅ ጀልባ ሠርተን በቦዩ እንለቃለን። ጀልባዋ እስከ ድልድዩ ከደረሰች አሸናፊ ነን፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም ነበር።

ዝናብ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ የተማርኩት በዚያ መስኮት ሥር ነው። ካፊያው ልብስ ሳያረጥብ ያልፋል። ዶፉ ሰው ከሰው ያለያያል። እኝኝ የሚለው ቀኑን ሙሉ ሳይወፍር ሳይቀጥን ይውላል። በረዶ የቀላቀለው የጎመኑን ቅጠል ይበሳሳል። ጉሙ ከተራራው ወርዶ የሰፈሩን ዛፎች ይውጣል። «ይህቺ ዳመና ውሃ የላትም»፣ «ይቺኛዋ ግን ልብስ ታሰበስባለች» ብለው የሚፈርዱ ጎረቤት እማማ ነበሩን፤ ፍርዳቸው ሲስት አላስታውስም። ዝናቡ ሲያቆም የማርያም መቀነት ይወጣል፤ በጣት መጠቆም ክልክል ነው፣ ጣት ይቆርጣል ተብለናልና በክርናችን እንጠቁማለን።

ደግሞም ክረምቱ የራሱ ቀን አቆጣጠር ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥረዋለች፤ እኛ ልጆቹ ግን በበዓሎቹ ነበር የምንቆጥረው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ጅራፉ ከሳምንታት ቀደም ብሎ ይገመዳል፣ ሙልሙሉ ይጋገራል። ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ነው፤ በዚያ ዕለት የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነውና ልብሳችንን አውልቀን በግቢው እየዘለልን መልአኩ እንዲያሳድገን እንለምናለን። ቁመቴ ካሰብኩት በታች የቀረው ከልመና ማነስ አይደለም። ከዚያ አደይ አበባ ይፈነዳና መስከረም ይጠባል፤ አዲስ ደብተር፣ አዲስ ክፍል።

በመሀሉ ያለውን ረጅም ጊዜ የምንሞላው በንባብ ነበር። በሰፈራችን መጽሐፍ የሚያከራይ ሱቅ ነበረ፤ ጥቂት ሳንቲም ከፍለን፣ ሽፋኑ በካርቶን የተለበጠ፣ የመጨረሻ ገጹ የጠፋ ልብ ወለድ እንወስዳለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበብኩት በአንድ ሐምሌ ነው። እስከ ዛሬ ያን መጽሐፍ ሳስብ የቆርቆሮ ድምፅ ይሰማኛል። ለብዙዎቻችሁ፣ ለእናንተም ለአንባብያን፣ ሥነ ጽሑፍ በዝናብ ታጅቦ የመጣ ይመስለኛል። ግጥም ለመጻፍ የሞከርኩት ሥራ ስለበዛብኝ አይደለም፤ ሥራ ስላጣሁ፣ ውጭው ስለሚዘንብ፣ ሰማዩን ከማየት ሌላ ስላልነበረኝ ነው።

ለዚህ ነው «የክረምት ዕረፍት ባዶ ጊዜ ነው» ሲባል የማልስማማው። በዓመቱ ውስጥ ማንም ሳያስተምረን የምንማርበት ብቸኛው ወቅት ያ ነበር። የምንማረውም ሰማዩን ነበር።

ወደ ልጅቱ ልመለስ።

ሰኔ 30 ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ካርዷ ደኅና ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋንም (እኛ «ሚኒስትሪ» የምንለውን) ተፈትና ውጤት ትጠብቃለች። እኔም እንደ አጎት ወግ ሻይ አፍልቼ፣ ዳቦ ቆርሼ፣ ለክረምቱ የምታነበው መጽሐፍ እንድትመርጥ ወደ መደርደሪያዬ መራኋት። ከመጻሕፍቱ መሀል አንድ የቆየ ደብተር መዘዘች። በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ የጻፍኳቸው ግጥሞች ናቸው። ማፈሬን ሳታይ ገልጣ አነበበች፤ ከአንዷ ላይ ቆመች።

ዝናብ ቃል አያጥፍም፣ ሰኔ ሲል ይመጣል፤
አንቺ ግን ቀጥረሽኝ፣ ክረምቱ ያልፍብኛል።

ስለ ቀጠረችኝ ልጅ እንድትጠይቀኝ እየጠበቅኩ መልስ ሳዘጋጅ፣ ጥያቄዋ ሌላ ሆነ።

«አጎቴ፣ ዝናብ ቃል አያጥፍም ነበር እንዴ?»

ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን 3 ቀን ከታናሽ ወንድሟ ጋር ማለዳ ተነሥተው፣ የፕላስቲክ ሳፋ በግቢው መሀል አስቀምጠው ሲጠብቁ መዋላቸውን ነገረችኝ። በእነሱ ሰፈር ጠብ ሳይል መሸ። እናቷ ከባልዲ ውሃ ቀድታ ረጨቻቸው፤ ትንሹ ተደሰተ፤ እሷ ግን «የባልዲ ውሃ ያሳድጋል?» እያለች ስታስብ አደረች። ቀጠለችና ችግኟን አነሣች። ባለፈው ሐምሌ ከትምህርት ቤታቸው ወጥተው ከከተማው ዳር ባለ ኮረብታ ላይ ተክለው ነበር። የእሷ የወይራ ችግኝ ነበረች። ከጎኗ ሦስት ድንጋይ በምልክትነት ደርድራላት ነበር። ከፈተናው በኋላ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ አየቻት። ድንጋዮቹ አሉ። ችግኟ ደርቃለች። በዙሪያዋ ካሉት ጉድጓዶችም የሚበዙት ባዶ ናቸው።

«ዘንድሮም ሐምሌ ውስጥ ኑና ትከሉ ብለውናል» አለችኝ። «እኔ መትከሉን አልጠላሁም። ግን አምና የተከልነውን የቆጠረልን የለም። የበጋውን ውሃ ማን ያጠጣዋል?»

እዚህ ላይ እኔ የመለስኩላትን ልናዘዝ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይህን ለትልልቆች ተዪው፤ አሁን ዕረፍትሽ ነው፣ ተጫወቺ» አልኳት። ሻይዋን ጨርሳ፣ መጽሐፏን ይዛ፣ በትሕትና ተሰናብታኝ ሄደች። ያን ሌሊት ዘነበ። በቆርቆሮዬ ላይ የሚወርደውን እየሰማሁ ያ መልስ ሲጎረብጠኝ አደረ። ፍርሃቷን ያቃለልኩላት መስሎኝ ጥያቄዋን ነበር የቀማኋት። «ለትልልቆች ተዪው» ያልኳት እኔ ነኝ፤ ትልልቆቹ እነማን እንደሆኑ ግን ብትጠይቀኝ ከራሴ ሌላ የምጠቁምላት አልነበረኝም።

ከልጅ የተሻለ ማወቅ አለብኝና የምናውቀውን በቅጡ ላስቀምጠው።

ቋንቋችን የአየር ሁኔታንና የአየር ንብረትን ለይቶ ይጠራል። የአየር ሁኔታ የዛሬው ዳመና፣ የነገው ካፊያ ነው። የአየር ንብረት ግን በብዙ ዐሥርት ዓመታት የተረጋገጠው ጠባይ ነው። «ንብረት» የሚለው ቃል «ነበረ» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ የኖረ፣ የረጋ፣ የሰነበተ ነገር ማለት ነው። በዕለት ንግግራችን ደግሞ ለልጅ የሚወረስ ሀብት ማለት ነው። ሁለቱ ትርጉሞች እንዲህ ተገናኝተው እንደሚያገለግሉን ያሰበ ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ አንድ ሩፋኤል ሳይዘንብ ቢውል የአየር ሁኔታ ነው፤ ምንም አያረጋግጥም። በልጅነቴም ደረቅ ሩፋኤል አልፎ ይሆናል። የምንፈራው ንብረቱ ሲለወጥ ነው።

እየተለወጠ መሆኑ ደግሞ ተቆጥሯል። የዓለም መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪስ ተሰብስበው የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይጨምር እንጥራለን ብለው ተስማሙ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. 2024 እስከዚያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ሲሆን፣ ጭማሪው ወደ 1.55 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የአንድ ዓመት አኃዝ ስምምነቱ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ ልኩ የሚታየው በረጅም ዘመን አማካይ ነው። ቢሆንም ደጁን እንዳንኳኳ ማወቅ ይበቃል። አየሩ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው እርጥበት በመቶ ወደ 7 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የሞቀ አየር ከአፈሩ ብዙ ይጠጣል፤ ሲጥልም ብዙ ይጥላል። ድርቅና ጎርፍ ባላንጣ መስለውን ኖረናል፤ የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ እንደሚችሉ የምንማረው ገና አሁን ነው።

እኛ ሁለቱንም አይተናል። የፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል ሲሞቅ የሚከሠተው ኤልኒኞ ክረምታችንን ያዳክማል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የደረሰው ብርቱ ስለነበር በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ወገን የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ድረስ ደግሞ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ፣ በቦረናና በሶማሌ፣ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። አርብቶ አደሩ መንጋውን አጥቶ በባዶ በትር ቀረ። በሌላ ወገን ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን ደራሽ ውሃ መታት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንዶ ሰው ቀበረ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡትን ጎረቤቶች ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ደረበባቸው። እዚያም የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። በየቤታችን በሐምሌ ብርድ የምናፈላው ቡናም ከሥጋቱ ነፃ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ምንም ሳይደረግ ከቀረ በአገራችን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በምዕተ ዓመቱ ማብቂያ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል።

ይህን ስል ያጠፋነውን ሁሉ በሰማይ ላይ ላሳብብ አልፈልግም። በልጅነታችን የሐይቅ ስም እየዘረዘርን ስናጠና ከመካከላቸው አንዱ ዓለማያ ነበር፤ ዛሬ ሐረማያ የምንለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ያደረቀው ሙቀት ብቻ አልነበረም፤ ለጫት መስኖ ተቀድቷል፣ ለከተሞች መጠጥ ተስቧል፣ ከተራቆተው ተዳፋት በወረደ ደለል ተሞልቷል። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ይላል። ትምህርቱ ግን ይህ ነው፤ የዓለም ሙቀት ከውጭ ሲገፋን፣ እኛም ከውስጥ እንጎትታለን። የመጀመሪያውን ዕዳ አብዛኛውን የበደሉን ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው። ሁለተኛው ላይ ግን የራሳችን ፊርማ አለበት።

ታዲያ ለልጅቱ ምን ይመለስላት? በዙሪያዬ የምሰማቸው መልሶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የእኔው ነው። «ልጅ ነሽ፣ አታስቢ።» ይህ መልስ ፍቅር ይመስላል፤ ግን ልጅ ማሰብ የሚያቆመው ስለተከለከለ አይደለም። ብቻዋን እንድታስብ ነው የምናደርጋት።

ሁለተኛው «ሁሉም የፈጣሪ ሥራ ነው፣ ሲፈቅድ ያዘንባል» የሚለው ነው። አማኝ ነኝና አላቃልለውም። ሆኖም ገበሬው ዝናብ እየለመነ ማረሱን አልተወም፤ ጸሎቱ ሞፈሩን አላስጣለውም። እኛ ከተሜዎቹ ልመናውን ወርሰን ሞፈሩን ከጣልን፣ የያዝነው ሃይማኖቱን ሳይሆን ስንፍናውን ነው።

ሦስተኛው ዘመቻው ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን ባስታወቀ ጊዜ እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ጭቃ ረግጬ ከተካዮቹ አንዱ ነበርኩ። በዚያ ቀን የተሰማኝ ደስታ ሐሰት አልነበረም። በዚህች አገር ሕዝብ ለአንድ ነገር በአንድ ቀን ሲወጣ ማየት ብርቅ ነው። ግን እኔ የተከልኳትን ችግኝ ተመልሼ አላየኋትም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ድንጋይ ደርድራ፣ ቦታውን አስታውሳ፣ ሄዳ አየች፤ እኔ ሠላሳውን ያለፍኩት ሰውዬ ፎቶግራፌን ይዤ ቀረሁ።

በውጭው ዓለም ልጆቹ አራተኛ መንገድ ሞክረዋል። ግሬታ ቱንበርግ የተባለችው ስዊድናዊት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ በአገሯ ፓርላማ ደጃፍ ተቀመጠች፤ ከእሷም በኋላ በብዙ አገር ብዙ ልጆች ተከተሏት። የእህቴ ልጅ ግን ከምን ትቅር? የእኛ ልጆች ጥያቄ የሚመጣው ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነው። አድማ የሚመታበት ክፍል የለም። ያላቸው ሰፊ ጊዜ፣ መስኮትና ሰማይ ነው።

በሥራዬ ከማውቃቸው ነገሮች አንዱን እዚህ ባነሣ ይፈቀድልኝ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የብድር ውል አይፈርምም። ቢፈርም እንኳ ልንቀበለው አንችልም፤ ሕጉ «የሚገባበትን አያውቅም» ብሎ ይጠብቀዋል። ይህ ደንብ ከባንክ ደንቦች ሁሉ ሰው ሰው የሚሸት ሆኖ ይታየኛል። እንግዲህ የአየር ንብረቱን ዕዳ አስቡት። ከሰሉን ያቃጠሉት፣ ደኑን የመነጠሩት፣ ያተረፉትም ትልልቆች ናቸው፤ ክፍያው ሲደርስ ግን በመዝገቡ ላይ ተበዳሪ ሆነው የሚገኙት ያልፈረሙት ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለ ውል በእኔ መስኮት ቢቀርብ ወረቀቱን መልሼ «ይህ አይሠራም» እላለሁ። በሕይወት መስኮት ግን ሁላችንም ማኅተም እየመታን እናሳልፋለን።

ስለዚህ ልጆቹን ዕዳው የእነሱ እንደሆነ አድርገን ባናስፈራራቸው እወዳለሁ። «የነገዋ ምድር በእጃችሁ ናት» የሚለው ንግግር በየመድረኩ ይጨበጨብለታል፤ ለእኔ ግን ሸክም የማሸጋገሪያ ቃል ሆኖ ይሰማኛል። የዛሬዋ ምድር በማን እጅ ናት? ለልጆቹ የሚገባቸው ሁለት ነገር ይመስለኛል፤ እውነቱና ዕረፍታቸው። ሁለቱም ሳይነጣጠሉ።

እውነቱ ማለት፣ የተከልነውን ብቻ ሳይሆን የጸደቀውን መቁጠር ነው። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረተችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ትንሽ ክፍያ የሚሰጠው ለተከሉት ሳይሆን ተርፎ ለቆመው ችግኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ያገኘችው ሴት ከአንድ ትጉ ሒሳብ ሠራተኛ ጋር በዚህ ትስማማለች፤ የተሰጠ ብድር ትርፍ አይባልም፣ ተመልሶ ሲገባ እንጂ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሐምሌ ላይ ከሚተክለው ግማሹን ትቶ፣ በጥርና በየካቲት ፀሐይ አምና የተከለውን ውሃ ቢያጠጣ፣ ሰኔ ሲመጣም ከልጆቹ ካርድ ጎን የችግኞቹን ካርድ ቢያወጣ ምን አለበት? «ተዛውሯል»፣ «አልተዛወረም»። ቁጥሩ ያሳፍረን ይሆናል። ቢያሳፍረን እመርጣለሁ፤ ልጅቱ ብቻዋን በኮረብታው ላይ ከምታፍርልን።

ዕረፍታቸው ማለት ደግሞ ክረምቱን ለልጆቹ መመለስ ነው። በዛሬይቱ ከተማ የልጅ ክረምት በማጠናከሪያ ትምህርትና በስልክ መስታወት መካከል ተከፍሏል። ቦዩ ተደፍኗል፣ ግቢው ፎቅ ሆኗል። ካፊያን ከዶፍ ሳይለይ ያደገ ልጅ ዝናቡ ሲለወጥ በምን ያውቃል? የሚያዝነውስ ለማን ነው? ማንም ሰው የማያውቀውን ነገር አይናፍቅም። የእህቴ ልጅ የተጨነቀችው ሳፋ ይዛ ስለጠበቀች ነው። ጭንቀቷ የመጣው ከዕረፍቷ ነው፤ ዕረፍቷን ያበላሸባት አይደለም። ሰማዩን አሻቅቦ የሚያይ ልጅ ያሳሰበው ነገር ቢኖር በሽታ አይደለም፣ ጤና ነው።

እኛስ፣ ብዕር የምንጨብጠው? ክረምትን በተመለከተ የወረስነውን ቃል ሳንፈትሽ የምንደጋግም ብዙ ነን። ሰማይ ያለቅሳል፣ ምድር ትስቃለች፣ ሰኔ ይመጣል፣ መስከረም ይጠባል፤ ለግጥማችን ቤት መምቻ ዝናቡ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። ቀድሞ እውነት ስለነበር ነው ውበት የሆነው። ዛሬ ግን በቦረና የቆመ አንባቢ «ዝናብ ቃል አያጥፍም» የሚለውን መስመሬን ቢያነብ ምን ይሰማዋል? ግጥሜ ስለ ፍቅር ነበር፣ ስለ ዝናብ የተናገርኩት ለማነጻጸሪያ ያህል ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ። ግን ማነጻጸሪያ የሚሆነው የማያጠራጥር ነገር ነው። ያ ነገር ከተጠራጠረ ግጥሙ ከሥሩ ይናጋል። ደራሲው የዝናብ ቆጣሪ ይሁን አልልም። ያየውን ይጻፍ ነው የምለው። እማማ ዳመናዋን አይተው «ውሃ የላትም» የሚሉትን ያህል እውነት ቢኖረን ይበቃል።

ባለፈው እሑድ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ከቢሮ ዕቃ መሸጫ የገዛሁት፣ ዓምድ ዓምድ ያለው ወፍራም የሒሳብ መዝገብ ይዤላት ነበር። የመጀመሪያው ዓምድ ቀን፣ ሁለተኛው የዝናቡ ዓይነት፣ ሦስተኛው «ምርመራ»። በየቀኑ እንድትመዘግብ አላዘዝኳትም፤ «ካሻሽ» ነው ያልኳት። ይቅርታም ጠየቅኳት። «ለትልልቆች ተዪው ያልኩሽን እርሺው፤ አብረን እንየው» ስላት ትንሽ አፈረች፣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ ሦስታችን፣ ታናሽ ወንድሟ ጭምር፣ ወደ ኮረብታው ወጣን። ሦስቱን ድንጋዮች አሳየችኝ። ከጎናቸው አዲስ ወይራ ተከልን፤ ለበጋው ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ተራ ተከፋፈልን። የእኔ ተራ ኅዳር ላይ ይጀምራል። ይህን በአደባባይ የምጽፈው እንዳልሾልክ ነው፤ በሰኔ ሠላሳ መሾለክ ልማዴ እንደሆነ ነግሬአችኋለሁና።

ከመሰነባበታችን በፊት መዝገቡን ገልጣ የመጀመሪያዋን መስመር ሞላች። «ሐምሌ 5። ካፊያ። ምርመራ፦ አጎቴ ጃንጥላ ረስቶ መጣ።»

ጳጉሜን 3 ቀን ምን እንደምትጽፍ አላውቅም። ሳፋውን ግን አብረን እናወጣለን። ከቤቴ ተመልሼ የቆየውን ደብተሬን ከፈትኩና ከአሮጌዋ ግጥሜ ሥር ይህችን ጨመርኩባት።

ቃል ያጠፍነው እኛ፣ ዝናቡ ምን አርጎ?
ሲመጣ ነው ኖሮ፣ ማረፊያ ፈልጎ።
ዛፉን ቆርጠን ጥለን፣ በሩን ዘግተን ሳለ፣
ልጅ ይጠይቀናል፦ «ዝናቡ የት አለ?»